የቦይ ሰዓት

ቺናሚ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ቀርቅራ፣ አንድ እግሯን ቦት ጫማ ውስጥ እየከተተች፣ የቤቱን በር በክርኗ ገፋችው። ተንሸራታቹ በር አንድ ክንድ ያህል ሄዶ ቆመ። ከውጭ በረዶው ተደግፎታል።

«አባትሽን እስከ ቀትር ካላደረስኳቸው አልጋውን ለሌላ ታካሚ ይሰጡታል» አለ ሳሳሞሪ በስልኩ ውስጥ። ኩላሊታቸውን የሚታጠቡ ሰዎችን ከቤታቸው ወደ ሆስፒታል የሚያመላልስ የሚኒባስ ሾፌር ነው። «ትናንትም ተናግሬያለሁ። የምነዳው መኪና ነው፣ ጀልባ አይደለም።»

«ትናንት ዋናው መንገድ ድረስ መጥተው ነው የተመለሱት። የቀረዎት ጥቂት ነበር።»

«በረዶው ያለው እኮ ጥቂቷ ላይ ነው። በረዶ ጠራጊው ግሬደር ጠዋት የመንገዳችሁን አፍ ደፍኖት ሄዷል፤ አሁን አይቼው መጣሁ። ሌሎቹን ሁለት ሰዎች ጭኜ እመለሳለሁ። ከፍታችሁ ከጠበቃችሁኝ እገባለሁ። ካልሆነ እናንተም እንደ ትናንቱ፣ እኔም እንደ ትናንቱ።»

ስልኩ ተዘጋ። ቺናሚ ሁለተኛውን ቦት እየጎተተች ወደ ውስጥ ዞር አለች።

አባቷ ቶኩዞ ፉኩሺ ከላምባው ምድጃ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሌሊቱን ጋደም ማለት አልቻለም፤ ጋደም ሲል ትንፋሹ ያጥረዋል። የእግሮቹ እብጠት የካልሲውን ጠርዝ ውጦታል። የትናንቱ እጥበት አምልጦታል። ነርሷ ማታ በስልክ ስትናገር ቃሏን አላለሰለሰችም፦ የነገው ደግሞ ካመለጠ ውኃው ሳንባው ይገባል፣ ያኔ የሚጠራው ሚኒባስ ሳይሆን አምቡላንስ ነው፣ አምቡላንስም ቢሆን በረዶ ላይ አይበርም።

«ማን ነው?» አለ።

«ሳሳሞሪ ነው። እየመጣ ነው።»

«መንገዱስ?»

«እከፍተዋለሁ።»

«በረዶውን የት ታደርጊዋለሽ?»

በዚህ ሠፈር ጥያቄው ሁልጊዜ ይኸው ነው። በረዶ ማንም ያነሳል፤ ጭንቁ የት እንደሚጣል ነው። ከመንገዱ ሥር ቦይ አለ፤ ከአኦሞሪ ከተማ ወደብ በፓምፕ የሚሳብ የባሕር ውኃ ይሮጥበታል። ክዳኑን ከፍተህ በረዶህን ትጥላለህ፣ ውኃው ይዞልህ ወደ ባሕር ይመለሳል። ቦዩ ግን ጠባብ ነው። ስለዚህ እስከ ቀትር የላይ ሠፈር ይጥላል፣ ከቀትር በኋላ የታች ሠፈር። ሁለቱ አንድ ላይ ከጣሉ ይታነቃል። ክዳን የሚነሳበት የብረት ሜንጦ በየክረምቱ ለአንድ ቤት ይሰጣል፤ ሜንጦው የተሰቀለበት ቤት ሰው የቦይ አለቃ ይባላል። ሰዓት የሚያስከብረው እሱ ነው፣ ቦዩ ቢታነቅ የሚጠየቀውም እሱ ነው። ዘንድሮ ሜንጦው ያለው ፉኩሺዎች ቤት፣ በሩ አጠገብ ባለው ምስማር ላይ ነው። ቶኩዞ አለቃ በሆነበት ክረምት ከሰዓቱ በፊት አንዲት ማንኪያ በረዶ ቦይ ገብታ አታውቅም። ሰው ሲያመሰግነው ግን ይቆጣል፤ ሰዓት ማክበር ምን ያስመሰግናል ይላል።

«ሰዓታችን ከቀትር በኋላ ነው» አለ ቶኩዞ።

«አውቃለሁ አባዬ።»

«የት ታደርጊዋለሽ ታዲያ?»

«ካልሆነ አንተኑ በእማማ ገልባጭ ጭኜ አወጣሃለሁ።»

የእማማ ገልባጭ ሁለት ረጅም እጀታ ያለው ሰፊ የቆርቆሮ ማፈሻ ነው፤ በረዶ ላይ እንደ ሸርተቴ እየተንሸራተተ ይገፋል። ወንዶቹ ሥራ ሲውሉ መንገዱን ይጠርጉ የነበሩት እናቶች ስለሆኑ ስሙ በዚያው ቀርቷል።

«የቦይ አለቃ እንደ በረዶ ተገፍቶ አይወጣም» አለ። «በእግሬ እሄዳለሁ።» ይህን ብሎ ተነሳ። ሁለት እርምጃ ሳይሞላ ግድግዳውን ያዘ፤ ትከሻው ከፍ ዝቅ ይል ጀመር። ቺናሚ መልሳ አስቀመጠችው። ቢቆጣት በወደደች፤ ግን ለቁጣ የሚሆን ትንፋሽ አልነበረውም። ዓይኑን ጨፈነ።

በሩን በትከሻዋ ገፍታ ወጣች።

በረዶው አሁንም ይወርዳል። መንገዷ ስድስት ቤቶች ያሏት ጠባብ መተላለፊያ ናት፤ በግራና በቀኝ የተከመረው በረዶ የጣሪያ ክፈፍ ደርሶ አንዲት አካፋ እንኳ የሚጨምሩበት ቦታ አልቀረም። ከታች፣ ዋናውን መንገድ በምትገናኝበት አፏ ላይ፣ ግሬደሩ የገፋው ክምር ደረት ድረስ ይመጣል። ያ ደግሞ ለስላሳው በረዶ አይደለም። ከአስፋልት ላይ የተፋቀ፣ ጠርዙ እንደ ተሰበረ ሸክላ የሆነ ግግር ነው።

እማማ ኪሳ ቀድመዋት ወጥተዋል። ሰማንያ ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም፤ ገልባጫቸውን በሆዳቸው እየገፉ የበራቸውን ደፍ ያጸዳሉ።

«አስተማሪዋ ተነሳች» አሉ። «እኔማ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አስተማሪ ሁሉ እስከ ቀትር የሚተኛ መስሎኝ ነበር።»

«እማማ፣ የአባቴ ሚኒባስ እየመጣ ነው። አፉን መክፈት አለብኝ።»

«ክፈቺው። በረዶውን ኪስሽ ውስጥ ልታደርጊው ነው?»

«ቦይ ውስጥ።»

እማማ ኪሳ ገልባጩን አቆሙ። «አሁን የላይ ሠፈር ሰዓት ነው።»

«ቀትር ከጠበቅኩ አልጋው የለም።»

«አባትሽ ያውቃል?»

«አባቴ መተንፈስ እያቃተው ነው።»

«እሱን መች ጠየቅኩሽ? ያውቃል ወይ ነው ያልኩት።»

እማማ ኪሳ መሐረባቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው ጀርባቸውን ሰጧት። «እኔ እንግዲህ ዓይኔ ደክሟል። ክዳን ሲከፈት አይታየኝም።»

ወደ ቤት ተመልሳ ሜንጦውን ከምስማሩ አወረደች። አባቷ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ነበር፤ ያንቀላፋ ይመስላል። ምስማሩ ባዶ ሲቀር ከወትሮው የረዘመ መሰላት፤ ይህን አስተያየቷን ራሷ ሞኝነት ነው ብላ ናቀችው።

ክዳኑ ሲነሳ የባሕር አረም ሽታ ወጣ። ውኃው ጥቁር ነው፣ በላይ ሠፈር በረዶ ተሞልቶ ከወትሮው ከፍ ብሎ ይሮጣል። ከክዳኑ ሥር የብረት ፍርግርግ አለ። በረዶው በፍርግርጉ ዓይን እንዲያልፍ አስቀድሞ በአካፋ መሰባበር አለበት፤ ሰውም ቢያዳልጠው ቦይ ውስጥ እንዳይገባ ፍርግርጉ ይይዘዋል። ቺናሚ አንድ የግግር ቁራጭ አምጥታ አስቀመጠችበት፣ በአካፋው ጫፍ ደበደበችው። አልሰበር አለ። ደገመችው። ተሰነጠቀ። ግማሹ አለፈ፣ ግማሹ ፍርግርጉ ላይ ተቀመጠ። ቀና ብላ የመንገዱን አፍ አየች፣ ስልኳን አየች፣ ክምሩን አየች። በዚህ አያያዝ ፀደይ ይገባል እንጂ ሚኒባስ አይገባም።

ሜንጦውን ፍርግርጉ ውስጥ አስገብታ ነቀነቀችው፤ ከቦታው ወጣ። ፍርግርጉን የበረዶው ግድግዳ ላይ አቁማ አስደገፈችው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሥራ ሆነ። ገልባጩን ከክምሩ ሥር ትሰነቅረዋለች፣ በጉልበቷ ትገፋዋለች፣ ሞልቶ ሲመጣ ቀዳዳው አፍ ላይ ትደፋዋለች። የጠረጴዛ ያህል ግግር «ድፍ» ብሎ ይገባል፣ ውኃው ይውጠዋል። መመለስ፣ መሰንቀር፣ መግፋት፣ መድፋት። ጃኬቷ ውስጥ ላብ ጀመራት። ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች ቸኩለው አያውቁም አለች በልቧ። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛ ገልባጭ ከኋላዋ ሰማች። እማማ ኪሳ የበራቸውን በረዶ እየገፉ መጥተዋል።

«ዓይንዎ ደክሟል ብለውኝ አልነበር?»

«ቀዳዳውን በጠረኑ አገኘሁት» አሉና ደፉት።

ክምሩ ከደረት ወደ ወገብ፣ ከወገብ ወደ ጉልበት ወረደ። ቺናሚ ሳይታወቃት መሮጥ ጀምራለች። አንዴ ስትመለስ የበረዶው ግድግዳ ጥግ ተንዶ ቀዳዳው አጠገብ ተከምሮ አገኘችው። ተሳደበች። ጊዜ አልነበራትም፤ የተናደውን እንዳለ ገልባጩ ላይ አፍሳ ወደ ውስጥ ገፋችው። የሆነ ነገር «ቃ» አለ። የገልባጩ ጠርዝ ድንጋዩን የነካ መሰላት። ሌላ ልታመጣ ዞረች።

በሚቀጥለው ጊዜ የደፋችው በረዶ አልሄደም። ቀዳዳው አፍ ላይ ቁጭ አለ። በአካፋዋ ወጋችው፤ ትንሽ ዝቅ አለና እንደገና ከፍ አለ፣ ከሥሩ ውኃ አቅርሮ።

ያኔ ከታች የሚካሚ ድምፅ ተሰማ።

የሚካሚ ቤት መንገዱ አፍ ላይ፣ ቦዩ ወደ ወደቡ የሚታጠፍበት ጥግ ላይ ነው። ቺናሚ ሜንጦውን ይዛ ስትደርስ በደጁ ያለው ክዳን ከቦታው ተነስቶ፣ ከሥሩ የባሕር ውኃና በረዶ እየተግተለተለ ይወጣ ነበር። እየሰፋ ሄዶ መስቀለኛ መንገዱን ሞላው። አሁን የከፈተችው አፍ ፊት ለፊት፣ ሚኒባሱ የግድ በሚያልፍበት ቦታ፣ ውኃው በረዶውን እያራሰ እንደ ቀጠነ ገንፎ አደረገው። ከዋናው መንገድ ማዶ ፀጉር አስተካካዩ ሶማ ከነሽርጡ ወጥቷል፤ ሌሎች ሁለት ጎረቤቶችም አካፋ ይዘው መጥተዋል።

«ሚካሚ ሳን፣ ዛሬም?» አለ ሶማ፣ «ሳን» የምትለዋን የአክብሮት ቃል በፌዝ አርዝሞ።

«ምን ዛሬም?» አለ ሚካሚ። በጫማ ፈንታ የቤት ነጠላ ጫማ አድርጎ ደጁ ላይ ቆሟል። «ቁርስ ላይ ነበርኩ። ይኸው የምበላበት እንጨት እጄ ላይ ነው።»

«ያኔም ምሳ ላይ ነበርኩ ብለህ ነበር።»

«ያኔ ሌላ ነው።»

ያኔ የሚባለው፣ ሚካሚ ያለ ሰዓቱ ያልተሰባበረ ግግር ጥሎ የሶማን ሱቅ እስከ ወንበሮቹ እግር ድረስ ውኃ ያስገባበት ክረምት ነው። ከዚያ ወዲህ በሠፈሩ ቦይ በታነቀ ቁጥር ስሙ ይነሳል፤ ሜንጦውም ዞሮ ዞሮ ተራው ሲደርስ ቤቱን እየዘለለ ያልፋል። እሱም ሲሰድቡት መልስ እየሰጠ፣ ሲዘሉት ዝም እያለ ይኖራል።

ከዋናው መንገድ የመኪና ጡሩንባ ተሰማ። ሚኒባሱ ነው። ሳሳሞሪ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አንገቱን አወጣ። ከኋላው ሁለት ሽማግሌዎች ብርድ ልብስ ተከናንበው ተቀምጠዋል።

«ወደብ ገባሁ እንዴ?» አለ።

«አሁን ይከፈታል» አለች ቺናሚ።

«ትንሽ እጠብቃለሁ። ትንሽ ያልኩት ትንሽ ነው።»

ሶማ ዲጅኖ አመጣ። ክዳኑን ገፍተው ተራ በተራ ወደ ውስጥ ይወጉ ጀመር። በረዶው ይነካል፣ ይጨመቃል፣ ወደ ቦታው ይመለሳል። ውኃው የቺናሚን ቦት ቁርጭምጭሚት አለፈ። ሚካሚ ዲጅኖውን ከሶማ እጅ ነጥቆ በሙሉ ኃይሉ ሰደደው። «ቀጭ» አለ።

«ብረት ነው የመታሁት» አለ ሚካሚ።

«የቦዩ ግድግዳ ነው።»

«ግድግዳው ሲሚንቶ ነው፣ ሶማ። ድምፁን አላውቀውም?»

«ከመቼ ወዲህ ነው ቦይ ማወቅ የጀመርከው?» አለ ሶማ፣ ሁለቱ ጎረቤቶችም ሳቁ።

ቺናሚ ወደ ኋላ ዞራ መንገዱን ሽቅብ አየች። ክፍቱ ቀዳዳ ይታያታል። አጠገቡ የተናደው ግድግዳ ይታያታል። ግድግዳው ላይ የተደገፈ ነገር የለም። የገልባጩ ጠርዝ የመሰላት «ቃ» የፍርግርጉ ድምፅ ነበር።

ፍርግርጉ መታጠፊያው ላይ ቆሞ ተወትፏል። በረዶው ሁሉ እየመጣ እሱ ላይ እየተጋገረ ነው። በገፉት ቁጥር ይበልጥ ይጠብቃል። መውጣት ያለበት ወደ ላይ ተስቦ ነው፣ ይህን ደግሞ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ዝም ብትል ሲወጉ ይቆያሉ፣ ሲሰለቻቸው ፓምፑ እንዲዘጋ ይደውላሉ፣ ነገ ከነገ ወዲያ የሚካሚ ጥፋት ሆኖ ይቀራል። ሚካሚ ለምዶታል። ይህን ሁሉ ያሰበችው አንዴ ተንፍሳ ሁለተኛ ሳትተነፍስ ነው። የሚኒባሱ የመስታወት መጥረጊያ ግራ ቀኝ ይላል፤ ሳሳሞሪ ክንዱን አንስቶ ሰዓቱን አየ።

«ፍርግርግ ነው» አለች።

ሁሉም ዞሩ።

«የኛ ፍርግርግ ነው። እኔ አንስቼው ነበር። ከነበረዶው ገፍቼ ቦይ ውስጥ ጨመርኩት። ወደ ታች አትውጉት፣ በሜንጦ ወደ ላይ ነው የሚወጣው።»

«የቦይ አለቃው ቤት ፍርግርግ?» አለ ሶማ።

«አዎ።»

«በላይ ሠፈር ሰዓት?»

«አዎ፣ ሶማ ሳን።»

ሚካሚ የሚበላበትን እንጨት ይዞ ቀረብ አለ። ፊቱ ላይ ንዴት አልነበረም፤ የሚጣፍጥ ነገር አፉ የገባለት ሰው ይመስል ነበር። «አንድ ጊዜ ድገሚው እስኪ። ሶማ በደንብ አልሰማም።»

«ሚካሚ ሳን፣ ማታ ቤትዎ መጥቼ እስኪሰለችዎ እደግመዋለሁ። አሁን እግሬን ይያዙልኝ።»

ሜንጦውን ይዛ ገንፎው በረዶ ላይ በደረቷ ተኛች። ሚካሚ እንጨቶቹን ጆሮው ላይ ሰክቶ ሁለት ቦቶቿን ያዘ። ክንዷ እስከ ትከሻ ውኃው ውስጥ ሲገባ ብርዱ መጀመሪያ አመማት፣ ቀጥሎ ክንድ እንዳላትም ጠፋት። ሜንጦው በረዶ ያገኛል፣ ይለቅቃል፣ በረዶ ያገኛል። አንድ ቦታ ላይ አልለቅ አለ። «ይሄ ነው» አለች፣ ጥርሶቿ እየተጋጩ። ሶማና ጎረቤቶቹ ሜንጦው እጀታ ላይ ተረባረቡ። ሳቡ። ምንም። ደግመው ሳቡ፤ ከሥር የሆነ ነገር ጮኸ፣ ፍርግርጉ በአንድ ጎኑ ተጣሞ፣ በረዶ እንዳጎረሱት ብቅ አለ። ወዲያው ቦዩ በረጅሙ ተነፈሰ። መስቀለኛው ላይ የቆመው ውኃ መሽከርከር ጀመረ፣ ዝቅ አለ፣ ወደ ቀዳዳው እየሮጠ ገባ።

ውኃው ሄደ። ገንፎው ግን ቀረ፣ ጉልበት ድረስ።

ሳሳሞሪ ከመኪናው ወርዶ በጫማው ጫፍ ነካው። «ጎማዬ እዚህ ከገባ የሚወጣው ፀደይ ሲገባ ነው» አለ።

«ይጠብቁኝ» አለች ቺናሚና መንገዱን ሽቅብ ሮጠች።

አባቷ በሩ ውስጥ ደፉ ላይ ተቀምጧል። ካፖርቱን ለብሷል፣ ኮፍያውን አድርጓል፤ ይህን ብቻውን ለማድረግ ስንት ጊዜ ቆሞ እንደተነፈሰ እግዜር ይወቅ። ከጭንቅላቱ በላይ ባዶው ምስማር አለ። ከአናቷ እስከ እግሯ የራሰችውን ልጁን አየ።

«ሜንጦውስ?»

«ታች ነው። ሚካሚ ጋ።»

«ቦዩ ታነቀ።»

«ታንቆ ነበር። ተከፍቷል።»

«ፍርግርጉስ?»

«ተጣሟል።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «አባዬ፣ መቆጣት ከፈለግህ መንገድ ላይ ትቆጣኛለህ። ሚኒባሱ መግባት አይችልም። በገልባጩ ነው የምትሄደው።»

እማማ ኪሳ ገልባጫቸውን አምጥተው ደፉ ፊት አቆሙ፤ ውስጡ ትራስ አንጥፈውበታል።

«ግባ ቶኩዞ» አሉ። «መከር ላይ የጎመን ክምር በዚህ አመላልሻለሁ፣ አንድ ራስ ጎመን አልወደቀብኝም።»

«ጎመን ነኝ እንዴ?»

«ጎመን እንዳንተ አይነዘንዝም።»

ገባ። ያበጡትን እግሮቹን ከፊት አንጠልጥሎ፣ ሁለት እጁን በጠርዙ ላይ አድርጎ፣ ፊቱን እንደ ሹም ቀና አድርጎ ተቀመጠ። ቺናሚ ገፋች። ቆርቆሮው በረዶው ላይ «ሽ» እያለ ወረደ። ከቤቶቹ መስኮት ሰው ያይ ነበር፤ አባቷ ለእያንዳንዱ መስኮት ኮፍያውን በትንሹ ነካ አደረገ። አልተቆጣትም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ጀርባው በትንፋሽ ቁጥር ከፍ ዝቅ ሲል እያየች፣ እንዳይቆም እየፈራች፣ እርምጃዋን ጨመረች።

«ቀስ» አለ።

አልሰማችም።

መስቀለኛው ላይ ገንፎው ገልባጩን ያዘው። ሶማ ከፊት ጎተተ፣ ሚካሚ ከጎን ደገፈ፤ ነጠላ ጫማውን በቦት ለውጧል፣ እንጨቶቹ ግን አሁንም ጆሮው ላይ ናቸው። ሚኒባሱ አጠገብ ሲደርሱ ሚካሚ ሜንጦውን አንስቶ ለቶኩዞ ዘረጋ።

ቶኩዞ ሜንጦውን አየ። እጁን አልዘረጋም።

«ይዘውት ይግቡ» አለ። «ክረምቱ እስኪያልቅ እርስዎ ቤት ይሰቀል።»

ሶማ አፉን ከፈተ። ቶኩዞ ዞር ብሎ አየው፤ ሶማ አፉን ዘጋ።

«እኔ ቤት?» አለ ሚካሚ።

«ያለ ሰዓቱ ጥለዋል ተብሎ ስንት ዓመት ሜንጦው አለፈዎት። ዛሬ የጣልነው እኛ ነን። ሕጉ ያው ሕግ ነው።»

ሚካሚ ሜንጦውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው፣ ክብደቱን እንደሚለካ ሰው። «እስከ ክረምቱ ማብቂያ ብቻ ነው?»

«ወይም ልጄ መጠበቅ እስክትማር።»

«እንግዲያ ለልጅ ልጆቼ ማውረሴ ነው።»

ቶኩዞ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉም አልቆም አለ፤ ከንፈሩ ጠቆረ። «ሳቁን እዚያ ትጨርሰዋለህ» አለች ቺናሚ። በብብቱ ይዛ አነሳችው፤ ሳሳሞሪ እግሮቹን ያዘ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡት። ቺናሚ ተከትላ ልትገባ አንድ እግሯን ስታነሳ አባቷ በመዳፉ አቆማት።

«አንቺ የት?»

«ካንተ ጋር።»

«ቀዳዳው ክፍት ነው» አለ፣ በሁለት ቃል መካከል እየተነፈሰ። «ፍርግርግ የለውም። ሰው ይገባበታል። ሂጂ ቁሚበት።»

በሩ ተዘጋ። ሚኒባሱ የኋላ ጎማው እያዳለጠው ሄደ።

ቀዳዳው ዳር ቆመች። እማማ ኪሳ ደረቅ ካፖርት አምጥተው ትከሻዋ ላይ ጣሉላት፤ ቀኝ ክንዷ አሁንም የራሷ አልመሰላትም። ስልኳን አወጣች፣ መልሳ ከተተች። ከዚህ ሆስፒታሉ ድረስ ያለው መንገድ በዓይነ ኅሊናዋ ይታያታል፤ ድልድዩ ጋ ሁልጊዜ መኪና ይቆማል። ስልኳን አወጣች። ነርሷ ጋ ደወለች፤ አይነሳም። ከተተችው። ከቀዳዳው ግራ ወደ ቀዳዳው ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሄደች። ለነገሩ ማንም ወደዚያ የሚመጣ አልነበረም፤ ቢሆንም ቀዳዳው ክፍት ነው፣ መሄድ አትችልም።

ቀትር ሲሆን በሮች ተከፈቱ። የታች ሠፈር ሰዓት ገባ። ሰው ሁሉ ገልባጩን ይዞ ወጣ። ሚካሚ ሜንጦውን እንደ ጠመንጃ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ንጹሕ ጓንት አጥልቆ፣ ከጥጉ ጀምሮ ክዳኖቹን አንድ በአንድ እያነሳ ሽቅብ መጣ። ሰዎቹ ለሜንጦው መንገድ ይለቃሉ። ሶማ እንኳ «እንደምን ዋሉ አለቃ» አለው፤ ለቀልድ ጀምሮት መሃል ላይ ቀልድ መሆኑ ጠፋበት።

ሚካሚ ቺናሚ ጋ ሲደርስ ቀዳዳውን አየ፣ እሷንም አየ። «እዚህ አይጣልም።»

«ሰዓቱ እኮ ደርሷል።»

«ፍርግርግ የሌለው ቀዳዳ ሰዓት የለውም። መዶሻ እደጄ አለ፣ ፍርግርጉም እዚያው ነው። አቅኚው፣ ከቦታው ይግባ፣ ከዚያ ትጥያለሽ። እስክትመለሺ እኔ እቆምበታለሁ።»

ሮጣ ወረደች፣ መዶሻውን አነሳች፣ ፍርግርጉን የሚካሚ ደጃፍ ድንጋይ ላይ አጋድማ መታችው። ብረቱ ትንሽ ሄዶ ግማሹን ተመለሰ። መታችው። ዙሪያዋን ገልባጮች ይንሸራተታሉ፣ በረዶ ቦይ ውስጥ ይወድቃል፣ ውኃው ከሥር ይሮጣል፤ ሠፈሩ ሁሉ ሥራው ላይ ነው፣ እሷ ብቻ አንድ ጠማማ ዘንግ ላይ ተተክላለች። መታችው። ስልኳን ድንጋዩ ላይ፣ ከፍርግርጉ አጠገብ አስቀምጣዋለች፤ በመታች ቁጥር ስልኩ ይዘላል፣ የጠራ እየመሰላት ታቆማለች። ደግማ መታችው።

በመጨረሻ ጠራ። ከመጀመሪያው ጥሪ ሳያልፍ አነሳችው።

ትንፋሽ ብቻ ነበር። ከትንፋሹ ኋላ የማሽን ድምፅ፣ እኩል እኩል የሚሄድ።

«አባዬ?»

«አልጋው አልተያዘም» አለ። «ደርሰናል። መርፌው ገብቷል።»

ቺናሚ መዶሻውን አስቀምጣ በረዶው ላይ ቁጭ አለች። እርጥብ ነበር፤ ከዚህ በላይ ልትርስ አትችልም።

«ፍርግርጉስ?» አለ።

ፍርግርጉን አየችው። አንዱ ጥግ አሁንም ወደ ሰማይ ያያል።

«እያቀናሁት ነው።»

«ቀዳዳው ላይ ማን አለ?»

«አለቃው።»

የማሽኑ ድምፅ ቀጠለ። አባቷ ስልኩን አልዘጋውም። እሷም ስልኩን ድንጋዩ ላይ እንደተከፈተ አስቀምጣ መዶሻውን አነሳች።

«ቀስ» አለ ስልኩ ሁለተኛውን ምት ሲሰማ።